ጾም ይከፋፈላልን?

የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 6 ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው አንድ ግር የሚል ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። ጌታ እዚያ ላይ ስለ ሦስት ነገሮች ያስተምራል፤ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም። የሦስቱም ማሰሪያ አንድ ነው፤ ለሰው ዓይን ተብሎ አይደረግ ነው። ምጽዋቱ አይለፈፍ፤ ጸሎቱ በር ተዘግቶ ይጸለይ፤ ጿሚውም ታጥቦና ተቀብቶ፣ ከቤቱ ጠግቦ የወጣ ሰው መስሎ ይታይ። መልካም። ይህን አንብበን መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ ቀና ብለን ግድግዳችንን ብናይ ግን ምን እናገኛለን? የቀን መቁጠሪያውን! ዐቢይ ጾም በዚህ ቀን ይገባል፣ ፍልሰታ በዚህ ቀን ይፈታል እያለ ባገር ሙሉ የተሰቀለ፣ ሁሉም የሚያውቀው አዋጅ። ምግብ ቤት ብንገባ ደግሞ አስተናጋጁ ገና ወንበር ሳንስብ «የጾም ነው የፍስክ?» ይለናል። በስውር ይሁን የተባለውን ነገር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ የሚጠይቅ ሰው አለን ማለት ነው።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን የጌታዋን ቃል ዘነጋችውን? ወይስ ያልገባን እኛ ነን? ይህን የምጽፈው ለነገረ መለኮት ሊቃውንት አይደለም፤ እነርሱ የየራሳቸው መልስ አላቸው። እኔ ብዕር ይዤ ከየመጽሔቱ በር የምቆም፣ ሁሉንም ባይሆን አብዛኛውን ጾም የምጾም ተራ ምእመን ነኝ። ጥያቄው ግን ከሽሮና ከቅቤ ያለፈ ነገር ያለው ይመስለኛል። ለመሆኑ በነፍስ ጉዳይ ሰው ለብቻው የሚያደርገውና ከሌላው ጋር የሚያደርገው ነገር ድንበሩ የት ላይ ነው? አንዱ የሌላውን ሸክም በእውነት ሊሸከምለት ይችላልን? ወይስ ይህ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ማጽናኛ ብቻ ነው?

በእኛ ቤተ ክርስቲያን 7 የአዋጅ አጽዋማት አሉ። «አዋጅ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌ፣ ገሃድ፣ ከበዓለ ሃምሳ በቀር በየሳምንቱ የሚመላለሱት ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ አንድ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ግድም ይጾማል ይባላል፤ ለካህናትና ለመነኮሳት ቁጥሩ ወደ 250 ይጠጋል። ቀን ቆርጦ መጾም የኋላ ዘመን ፈጠራም አይደለም። ከሐዋርያት ዘመን ብዙ ሳይርቅ የተጻፈው ዲዳኬ የሚባለው ትምህርት ክርስቲያኖች ሰኞና ሐሙስ ከሚጾሙት ተለይተው ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ ያዝዛል። እንግዲህ የስውሩን ጾም ትምህርት ከእኛ ይበልጥ በቅርብ የሰሙት ሰዎች፣ ቀኑን ቆርጠው፣ ተነጋግረው፣ አብረው ጾመዋል። ተቃርኖ መኖሩ ሳይታያቸው ቀርቶ ነው ለማለት ይከብዳል።

በዚህ የማይስማሙ ብዙ ናቸው፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1522 በዐቢይ ጾም ወራት ዙሪክ ከተማ ውስጥ ክርስቶፍ ፍሮሻወር በተባለ አታሚ ቤት ቋሊማ ተበላ። ሰውየው ሲጠየቅ የማተሚያ ቤቱን ሥራ ብዛት ምክንያት አደረገ። ኡልሪክ ዝዊንግሊ የተባለው ካህን እዚያው ቤት ነበር፤ እሱ አልቀመሰም። ብዙም ሳይቆይ ግን ስለ ምግብ ነጻነት ሰበከ፣ ስብከቱንም አሳተመው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ መጾም የወደደ ይጹም፣ ያልወደደውን ግን በሕግ አታስገድዱት። የስዊስ ተሐድሶ የሚጀምረው ከዚያች ቋሊማ ነው የሚሉ አሉ።

ጴንጤ ጓደኛ ያለው አንባቢ ይህንኑ ክርክር ቡና ላይ ሰምቶታል። የእኔው ጓደኛ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ያነሣዋል። «እኛ ጾም ጸሎት ስንይዝ የምንይዝበት ጉዳይ አለን፤ የታመመ አለ፣ የጨነቀን ነገር አለ። እናንተ ግን ካላንደሩ ስላለ ትጾማላችሁ» ይለኛል። እኔም እውነትህን ነው እለዋለሁ፤ ካላንደሩ ስላለ ነው የምጾመው፣ ደስ የሚለኝም ይኸው ነው። ጉዳይ ይዤ ስጾም ጾሙ የእኔ ይሆናል፤ ጀማሪውም እኔ፣ ፈጻሚውም እኔ፣ ሂሳቡን የማወራርደውም እኔ። ቀኑ ሲደርስ የምገባበት ጾም ግን እኔ ሳልወለድ የነበረ፣ እኔ ብተወውም የማይቆም ነገር ነው። ወንዝ ውስጥ እንደመግባት ያለ ነው። (ጓደኛዬ በዚህ መልስ ተስማምቶ አያውቅም። ወንዝ ውስጥ የገባ ሁሉ ታጠበ ማለት አይደለም ብሎ ይስቃል።)

ወደ ስውሩ ጾም ልመለስ። ሠፈር ሙሉ በጾመበት ቀን ጿሚ ሆኖ የሚታየው ማን ነው? ማንም! የሁሉም ቤት ሽታ የሽሮ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ያልተዘጉትም ባዶ መንጠቆ ሰቅለው ተቀምጠዋል። በዝናብ ቀን ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ ብሎ የሚኮራ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ በዐቢይ ጾም ጾምኩ ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሰው ቢገኝ የሚስቁበት ጎረቤቶቹ ናቸው። ቀኑ ስለታወቀ ጿሚው ተሰወረ። አዋጁ ከወንጌሉ ጋር የተጣላ የሚመስለን ነገሩን ገልብጠን ስላየነው ይመስለኛል፤ ጿሚው ከሰው ዓይን ሊሸሸግ የሚችልበት ከሁሉ የሚሻል ሥፍራ ከሚጾሙ ሰዎች መካከል ነው።

የሚጋለጠው ብቻውን የሚጾመው ነው። ዋሺንግተን ወይም ፍራንክፈርት የሚሠራ ወንድማችን የልደት ኬክ በቢሮ ሲታደል አልበላም ካለ ምክንያቱን መናገር ግድ ይሆንበታል። የሚነግረው ነገር ረጅም ነው፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ 55 ቀን ... አስረድቶ ሲጨርስ ጾሙ መታወቂያው ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ በቢሮው «ያ የሚጾመው ሰውዬ» ነው። ያልለመነው አድናቆት፣ ያልለመነው አዘኔታም ይደርሰዋል። በያይነቱማ እዚያ አገር ስሙ የታወቀ ነው፤ ከጾም ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው ሰዎች ስለ ጤናቸው ወይም ስለ እንስሳት ብለው ወደ ኢትዮጵያ ምግብ ቤት እየመጡ ያዝዙታል። ይህ አይከፋኝም። ግን ሳህኑ ባሕር ተሻገረ እንጂ ቀኑ አልተሻገረም።

እስካሁን የጋራውን ጾም አመሰገንኩ። ነገሩ ግን ጀርባ አለው።

እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት የሠፈራችን ሴት የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ሐኪሙ ባዶ ሆድዎን አይዋሉ ብሏቸዋል። የነፍስ አባታቸውም ይብሉ ብለው ፈቅደውላቸዋል፤ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ጾም በሚደነግግበት በ15ኛው አንቀጽ በታመመ ሰው ላይ አይጨክንም። እሳቸው ግን ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር። «እግዜሩስ ያውቅልኛል፤ ጎረቤቱ ምን ይለኛል?» ይሉ ነበር። ስለዚህ በጾም ቁርሳቸውን መኝታ ቤት ገብተው፣ መስኮት ዘግተው፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ይበላሉ። አንድ የፍልሰታ ቀን በጠዋት እንግዳ መጣባቸው። እንግዳው አልሄድ አለ። እሳቸውም ተነሥቼ ልግባ ማለት አፈሩ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሳሎናቸው ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

በር ተዘግቶ ይጸለይ የተባለበት አገር ውስጥ በር ተዘግቶ ተበላ። ይህን ምን እንበለው? የሚጾመውን የሚሸሽግ ማኅበር የማይጾመውን ያጋልጣል። ይህ የማይቀር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን አላልፈውም። አዋጁ የተነገረው ለሚጾመው ነው፤ የጎረቤቱን ድስት ክዳን ለሚያነሣው አይደለም። አስተናጋጁ የጾም ወይስ የፍስክ ብሎ መጠየቁ ሥራው ስለሆነ ይቅርታ ይደረግለታል፤ እኛ ግን ምን ሥራችን ነው? ጾም የሚፈታው በሥጋ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቅቤ ሳይቀምስ ዋለና ማታ ሰው ሲበላ አመሸ ይባላል፤ አባባሉ ቢሰለችም ሠፈራችን አሁንም ያውቀዋል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ እንዲያውም ይህኛው ይከብዳል። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ የማይገዛ ሰው በዐቢይ ጾም የሚጾመው ምኑን ነው? 180 ቀን የሚለውን ሂሳብ ለአንድ ድሃ ገበሬ ብትነግሩት ይስቅባችኋል፤ የቀሩት 185 ቀናትም ለእሱ ከጾም ብዙ አይለዩም። ሥጋና ቅቤ የሚያየው በበዓል ነው። እንግዲህ አዋጁ በእሱ ላይ የሚጨምርበት ነገር ጥቂት ከሆነ የማን አዋጅ ነው? የጋራ ጾም ትልቁ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ የነበረ ይመስለኛል። 55 ቀን ጌታውም ሎሌውም ሽሮ ይበላሉ። ድሃው ወደ ባለጸጋው ማዕድ አልወጣም፤ ባለጸጋው ነው ወደ ድሃው ማዕድ የወረደው። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ መባሉ ምሥጢሩ ሌላ ነው፤ የወልድን ከሰማይ መውረድ የሚያስብ ነው። ግን ስሙን በሰማሁ ቁጥር የሚወርድ ጌታና የሚወርድ ማዕድ አብረው ይታዩኛል።

ዛሬስ? በትልልቆቹ ሆቴሎች የጾም ቡፌ ተዘርግቷል። የጾም ኬክ አለ፣ የጾም ፒዛ አለ፣ የጾም በርገር አለ። ይህን የሚበላው ሰውና ሌጣ ሽሮ የሚበላው ሰው ሁለቱም ጾመዋል ይባላል፤ የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር ከሁለቱም ሳህን ላይ ቅቤ አለመኖሩ ነው። ማዕዱ መውረዱን ትቶ በዚያው በፎቁ ላይ ስሙን ቀየረ። ሕጉ አልተጣሰም። ማንም ሰው ቢጠየቅ ንጹሕ ነው።

የጥንቶቹ እንዲህ አላሰሉትም። በ2ኛው መቶ ዘመን አርስጢደስ የሚባል የአቴና ፈላስፋ ለሮም ንጉሠ ነገሥት በጻፈው መከላከያ፣ እነዚህ ክርስቲያን የሚባሉት ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ሲያስረዳ ስለ ጾማቸው ያነሣል። ከመካከላቸው ድሃ ቢገኝና ለእርሱ የሚሆን ትርፍ ባይኖራቸው ሁለት ሦስት ቀን ጾመው ምግቡን ያሟሉለታል ይላል። ትርፍ ባይኖራቸው ነው! ጾሙ የድሃ ለድሃ ነው። በግእዝ ተተርጉሞ በገዳማችን የቆየው የሄርማስ መጽሐፍ ደግሞ የቤት ወጪ ያሠላል። በጾምህ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስብና ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ስጥ ነው የሚለው። በዚህ ሂሳብ ጾሙ የሚፈጸመው የእኔ ሆድ ሲጎድል አይደለም፤ የእኔ ጉድለት ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ምሳ ሲሆን ነው። ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ የተቆጣው በዚሁ ነው፤ እንጀራ ያልቆረሰን ጾም አልተቀበለውም።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። በ1966ም በ1977ም የወሎ ሰው፣ የትግራይ ሰው አልጾመም፤ ተራበ። ለመጾም እምቢ የሚሉት እንጀራ መኖር አለበት። ረሃብ ከሰው ላይ ከሚነጥቀው ነገር አንዱ ጾሙ ነው። ከገጠር ተፈናቅለው የመጡ አንድ አዛውንት ፍልሰታን ለምን አልጾሙም ተብለው ሲጠየቁ «ልጄ፣ ምኑን ልተው?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠያቂው ዲያቆን ነበር። መልስ አልነበረውም። ማንስ ቢሆን ምን ይመልሳል?

ስለ ጸሎት ብዙ አላልኩም፤ ነገሩ ግን ከጾሙ ጋር አንድ ነው። በር ዝጋ የሚለው ትምህርት ባለበት በዚያው ምዕራፍ ጌታ ጸሎት ያስተምራል። የሚያስተምረውም ጸሎት በብዙ ቁጥር ነው፤ አባቴ አይልም፣ እንጀራዬም አይልም። ሰውዬው ብቻውን እልፍኙ ገብቶ በሩን ዘግቷል፤ አፉን ሲከፍት ግን ከእኔ በቀር ሌሎችም አሉ ብሎ ይጀምራል። የተዘጋው በር ሰዎቹን አላስወጣቸውም። ብቻውን ሆኖ የሁሉን እንጀራ የሚለምን ሰው፣ ለምኖ ሲያበቃ የራሱን ድርሻ ብቻ ይዞ ቢቀመጥ ጸሎቱን አልሰማውም ማለት ነው።

ይህንን ነገር የ2012 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በተግባር ፈትኖታል። ኮሮና በመጋቢት ወር አገራችን ሲገባ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ተነገረ፤ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤም የአንድ ወር ጸሎት አወጀ፤ ጸሎቱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቆማለች። በሁለተኛው ቀን ግን ቅር አላት። ቴሌቪዥኑ ያለው በምዕራብ ግድግዳ ነው። «ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ አልጸልይም» ብላ ከነጠረጴዛው ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አስዛወረችው። አሁንም እዚያው ነው፤ ዜናም ወደ ምሥራቅ ዞረን ነው የምናየው።

በዚያ ዓመት ስቅለትን የሰገድነው ሳሎን ውስጥ ነው። በደጀ ሰላም የሰገደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እዚያ ጉልበት የሚመጣው ከጎን ነው፤ አጠገብህ ያሉት አሮጊት ሲነሡ አንተም ትነሣለህ፤ አንተ ስትወድቅ ከኋላህ ያለው ልጅ ይወድቃል። እግዚኦታው 41 ሲሞላ በጣት አንጓ የቆጠረውም ያልቆጠረውም አብሮ ያውቀዋል። ሲመሽ ሰዉ ተሰልፎ ካህኑ ፊት ይቀርባል፤ በወይራ ቅጠል ጀርባው መታ መታ ተደርጎ ይህን ያህል ጨምረህ ስገድ ይባላል። ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ምንጣፍ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚጮህ ማንቆርቆሪያ አለ። ጸሎቱ አልቀረም፤ ነገር ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጉልበት ብቻ ይዘን ነበር፤ የአንድ ሰው ጉልበት ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

እንግዲህ ጉልበት ከጎን ከመጣ፣ ዕዳስ ወደ ጎን ይሄዳልን? በርዕሱ ያነሣሁት ጥያቄ ይህ ነው።

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ ከመባሉ ሌላ ጾመ ሕርቃል ይባላል። ሕርቃል የሮሙ (የቢዛንጥዩሙ) ንጉሠ ነገሥት ነው። ፋርሶች በ614 ኢየሩሳሌምን ይዘው መስቀሉን ወሰዱ፤ ሕርቃልም ከብዙ ጦርነት በኋላ በ630 ግድም መስቀሉን ወደ ኢየሩሳሌም መለሰው። በእኛ ዘንድ በሚነገረው ታሪክ ንጉሡ ለመዝመት አመንትቶ ነበር፤ ሰው የገደለ ክርስቲያን ዕድሜውን ሙሉ ይጹም የሚል ሥርዓት ነበርና። ሕዝቡም አንተ ዝመትልን፣ ጾሙን እኛ ተከፋፍለን እንጾምልሃለን አሉት። ስሙ የወጣው ከዚያ ነው ይባላል። በልጅነቴ ይህን ስሰማ እጅግ ደስ ይለኝ ነበር። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጾም በሺህ ሰው ሲካፈል ለየአንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደሚደርሰው አሠላ ነበር።

በኋላ ግን ያንኑ ታሪክ በሌላ መልኩ አገኘሁት። በ10ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ የመልካውያን ፓትርያርክ የነበረው ሰዒድ ኢብን ባጥሪቅ እንደጻፈው፣ ሕርቃል ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ አይሁድ እጅ መንሻ ይዘው ተቀበሉት፤ እንዳይነካቸውም ቃል ገብቶ ጽፎ ሰጣቸው። ከተማው ሲገባ ግን መነኮሳቱና የከተማው ክርስቲያኖች ከፋርሶች ጋር አብረው የፈጁን እነዚህ ናቸውና ግደልልን አሉት። ቃሌንስ? አላቸው። ቃልህን ብታፈርስ እኛ እስከ ዓለም ፍጻሜ አንድ ሳምንት እንጾምልሃለን አሉት። ንጉሡም ፈጃቸው። ዝርዝሩ ይህን ያህል እውነት ነው አይደለም የሚለውን ለታሪክ ሰዎች እተዋለሁ። እኔን የያዘኝ፣ ይህን ታሪክ የጻፈው ሰው ራሱ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ ጾም ደም ማጠቢያ ሆኖ ሲቀርብ ሳይደነግጥ መጻፉ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስልዎ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። መቀሌም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ጾሙን የያዙት በአንድ ቀን ነው፤ ያው ዜማ፣ ያው ስግደት፣ ያው ምሕላ። ሁሉም መሐረነ ይላል፤ ማረን ማለት ነው። በግእዙ መጨረሻ ላይ ያለችው «ነ» እኛን ሁሉ ትይዛለች ብዬ አምን ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግን ያቺን ፊደል ድንበር የሠራላት ብዙ ነው። አንድ አዋጅ የሚጾም ሕዝብ እርስ በርሱ ተላለቀ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም የጾሙ ቀን አልተለወጠም፤ ኅዳር 15 እንደ ወትሮው ገባ። ያን ቀን የጋራ ጾም ምን ይረባል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እላይ የጻፍኩትን ያህል እንኳ መልስ የምሰጠው አይመስለኝም።

በሠፈራችን ከዚያ ጦርነት የተመለሰ አንድ ወጣት አለ። ስሙን አልጽፍም፣ በየትኛው ግንባር እንደነበረም አልናገርም። እናቱ የእናቴ የጽዋ ማኅበር አባል ናቸው። ልጁ ሲመለስ ዝምተኛ ሆኖ ነው። ለነፍስ አባቱ ምን እንደነገረ የሚያውቅ የለም፤ ቀኖና እንደተቀበለ ግን እናቱ ጠርጥረዋል፤ በፍስክ ቀን፣ ሰኞም ጭምር፣ እስከ ማታ እህል አይቀምስም። ሴቶቹ ተመካከሩ። የሕርቃልን ታሪክ ያውቁታልና ተካፍለን እንጹምለት አሉ። ጽዋው በልጁ ቤት የደረሰ ዕለት፣ ጠበሉ ጠዲቁ ከቀረበ በኋላ፣ ከሁሉ የሚበልጡት ሴት ጠርተው ነገሩት።

ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ። ኋላም «እትዬ፣ እናንተ ከተካፈላችሁት ለእኔ ምን ይቀረኛል? ይህ የእኔ ነው። ተዉልኝ» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ይህን ስሰማ ልጁ ትክክል ነው ብዬ ነበር። ዝዊንግሊም ቢሆን ይስማማ ነበር። ጥፋት እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ ሌላ ሰው ስለ ጾመልኝ የእኔ እጅ አይነጻም። ለእናቴም ይህንኑ አልኳት። እሷ ግን ሽሮዋን እያማሰለች ሌላ ነገር ነገረችኝ።

«የሱን ማን ይጾምለታል? የሱን እሱ ይጹም። ሲሸኝ ዳቦ ጋግረን እልል ያልነው እኛ አይደለንም? የኛን ነው የምንጾመው።»

እኔ ታሪኩን ከመጽሐፍ አገላብጬ ያላየሁትን እሷ ከወጥ ቤት አየችው። እነዚያ የኢየሩሳሌም ሰዎች ለንጉሡ ውለታ የሚውሉለት መስሏቸው ነበር፤ ግደልልን ያሉት ግን እነርሱ ናቸው። ጾሙ ከመጀመሪያውም የራሳቸው ዕዳ ነበር። የንጉሡ ዕዳ እንዳለ ነው፤ አልተከፈለም፣ አልተከፋፈለም።

ሴቶቹ ሰኞን ያዙ። ረቡዕና ዓርብ የአዋጅ ስለሆኑ ለዚህ አይሆኑም ብለው ነው። እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ ምሳ ሊሆን የነበረውንም ተራ በተራ ቋጥረው ልጇን በዚያው ጦርነት ላጣች አንዲት ሴት ያደርሱላታል። ልጁ ይህን አያውቅም። እናቱ ሰኞ ሰኞ ምሳ አቅርበው ብላ ሲሉት በልቻለሁ ይላቸዋል። እማዬ አንቺስ ሲላቸው እሳቸውም በልቻለሁ ይላሉ። እንጀራው ተከድኖ እስከ ማታ ይቆያል።